«ለጥቂት ተረፍን» እያላችሁ አትሳቁ

ወገኖቼ፣ ስለ ኳስ ላወራችሁ ነው፣ ግን ስለ ጨዋታው አይደለም። ስለ በሩ ነው።

ስታዲየም የምንሄድ ሰዎች ሁላችንም የምናወራት አንዲት ወሬ አለች። ከጨዋታው በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ ወይ ሰኞ ሥራ ቦታ ስንገናኝ። «ኧረ ትናንት እኮ በሩ ላይ ልንሞት ነበር!» ይላል አንዱ። ሌላው ጫማው እዚያው ወልቆ እንደቀረ ያወራል። ሌላው ደግሞ እግሩ መሬት ሳይነካ ሰው ተሸክሞት እንደገባ፣ ደረቱ ላይ የነበረው ስልክ በግፊያው እንደተሰነጠቀ። ከዚያ እንስቃለን። ሂሳብ ከፍለን እንነሳለን። በሚቀጥለው ጨዋታም እዚያው በር ላይ እንገፋፋለን።

ይህን ሳቅ ተዉት ነው የምላችሁ። እግራችሁ መሬት ካልነካ፣ በዚያች ሰዓት የመኖርና የመሞታችሁ ነገር በእጃችሁ አልነበረም ማለት ነው። በዓለም ላይ ሰው ካለቀባቸው የኳስ ሜዳዎች ብዙዎቹ ላይ፣ ከዚያ ክፉ ቀን በፊት «ለጥቂት ተረፍን» የተባለበት ሌላ ቀን ነበር። ተረፉ፣ አወሩት፣ ረሱት።

ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ፣ አይብሮክስ ስታዲየም፣ ደረጃ 13 የሚባል መውጫ ነበር። በ1961 (ከአንዱ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እዚያ ደረጃ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ሁለት ሰው ሞተ። በ1967 ሰው ተጎዳ። በ1969 እንደገና ከ20 በላይ ሰው ተጎዳ። ገንዘብ ወጥቶ ተጠገነ፣ ግን ደረጃው ያው ቁልቁል የሚደፋው ደረጃ ሆኖ ቀረ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1971 ሬንጀርስና ሴልቲክ ተጫወቱ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሴልቲክ አገባ፣ ወዲያው ሬንጀርስ አቻ አደረገ፣ ሕዝቡም ደስ ብሎት ደረጃውን መውረድ ጀመረ። መሃል ላይ ሰው ወደቀ። ከላይ ያለው ይህን አያይም፣ ስለዚህ መውረዱን ቀጠለ። 66 ሰው ሞተ፣ ከመካከላቸው ብዙ ልጆች ነበሩ። የደረጃው የብረት መደገፊያ በሰው ክብደት ተጣሞ ቀረ።

ለረጅም ጊዜ የተወራው ምን ነበር መሰላችሁ? ጎሉን ሰምተው ወደ ላይ የተመለሱ ሰዎች ከሚወርዱት ጋር ተጋጩ ተባለ። ምርመራው ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄድ እንደነበር አረጋገጠ። ማንም አላበደም፣ ማንም አልተጣላም። ሁሉም ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ «ተረጋግጠው ሞቱ» ብለን ስለምንዘግብ፣ ሰው የሚሞተው ወድቆ ሲረገጥ ብቻ ይመስለናል። አብዛኛው የሚሞተው ታፍኖ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ቆሞ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አራት ሰው ቢቆም ይጠባል እንጂ መንቀሳቀስ ይቻላል። ስድስት ሰባት ሲሆን ግን በራስህ ፈቃድ መሄድ ያበቃል። የኋላው ትንሽ ሲገፋ፣ የዚያ ሰው ግፊት በፊቱ ባለው ላይ፣ የእሱ ደግሞ በሌላው ላይ እየተደመረ ይሄድና አጥሩ ወይ በሩ ጋ ሲደርስ ብረት የሚያጣምም ኃይል ይሆናል። እዚያ ያለው ሰው አየር ወደ ውስጥ ለመሳብ ደረቱን ማስፋት አይችልም። መጮህም አይችልም፣ ለመጮህ አየር ያስፈልጋል። ከኋላ ያለኸው ደግሞ የምትሰማው ዘፈኑንና ጭፈራውን ነው።

አሁን የእንግሊዙን ሂልስቦሮ ስታዲየም ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የሊቨርፑል ደጋፊዎች ነን፣ የሟቾቹን ቁጥር፣ 97ን፣ ማሊያው ላይ እናየዋለን፣ የሆነውን ነገር ግን ጠንቅቀን አናውቀውም። ኤፕሪል 15 ቀን 1989፣ ሼፊልድ፣ የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሊቨርፑል ከኖቲንግሃም ፎረስት። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ጫፍ፣ በ1981 በሌላ ግማሽ ፍጻሜ ላይ 38 ሰው ተጎድቶ ነበር። ያኔ ሰዎች አጥር ዘለው ወደ ሜዳው ጠርዝ ወጥተው ተረፉ። ለጥቂት። ከዚያ በኋላ ይባስ ብለው መቆሚያውን በአጥር ከፋፈሉት።

በ1989 ለ10,100 የቁም ትኬት የተመደቡት መግቢያዎች ሰባት ብቻ ነበሩ፣ ያውም አንድ አንድ ሰው የሚያሳልፉ ተሽከርካሪ በሮች። ውጪ ሰው ተፋፈገ። ፖሊስ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ላይ ትልቁን የመውጫ በር ከፍቶ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው አስገባ። የገባው ሰው ከፊቱ ያየው አንድ ዋሻ መሰል መተላለፊያ ነው፣ የሚወስደውም ቀድሞ ሞልቶ ወደ ፈሰሰው የመሃል ክፍል። ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች ቦታ ነበራቸው። በመተላለፊያው አፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ «በዚህ አይቻልም፣ በጎን ሂዱ» የሚል አልነበረም። ጨዋታው 9 ሰዓት ላይ ተጀመረ። በስድስተኛው ደቂቃ ቆመ። ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች አጥሩ ላይ ተጣብቀው እየሞቱ ነበር።

ከዚያ ምን ተባለ? «ሰክረው ነው»፣ «በሩን ሰብረው ነው»። በሩን የከፈተው ፖሊስ ራሱ ሆኖ ሳለ! የሟቾቹ ቤተሰቦች ይህን ስም ለማስነሳት 27 ዓመት ታገሉ፣ በ2016 የአሟሟታቸውን ምርመራ የሰሙት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ሰዎቹ በሕገወጥ መንገድ እንደተገደሉና ደጋፊው ጥፋት እንደሌለበት ወሰኑ። እናንተም አንድ ቦታ ሰው ተጨናንቆ ሞተ ሲባል «ሕዝባችን ሥርዓት የለውም» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በሩ ክፍት ነበር ወይ፣ ትኬቱ ከቦታው በላይ ተሸጦ ነበር ወይ፣ ማን የት ቆሞ ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ እኛው እንምጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በጃንዋሪ 1991 ኦርክኒ ላይ ካይዘር ቺፍስና ኦርላንዶ ፓይሬትስ ሲጫወቱ 42 ሰው ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 2001፣ እነዚያው ሁለት ክለቦች ጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ላይ ተገናኙ፣ ስታዲየሙ ሞልቶ ውጪ የቀረው ሕዝብ ልግባ ብሎ ሲገፋ 43 ሰው አለቀ። ወር ሳይሞላው ጋና፣ አክራ ላይ፣ ሃርትስ ኦፍ ኦክና አሳንቴ ኮቶኮ ሲጫወቱ ወንበር ተነቅሎ ተወረወረ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሕዝቡ ወደ መውጫው ሲሮጥ በሮቹ ተቆልፈው ነበር። ከ120 በላይ ሰው ሞተ። ጭስና የተቆለፈ በር በ1964 ፔሩ ሊማ ላይ ከ300 በላይ ሰው ጨርሶ ነበር፣ በ2022 ደግሞ ኢንዶኔዢያ ማላንግ ላይ 135 ሰው ጨረሰ።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን ያውንዴ ነው። ጃንዋሪ 2022፣ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ኦሌምቤ ስታዲየም። ካሜሩንና ኮሞሮስ ሲጫወቱ መግቢያው ላይ ስምንት ሰው ሞተ። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ፕሬዚዳንት ራሳቸው ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር ተናገሩ። ከ11 ቀን በፊት ዋሊያዎቹ እዚያው ሜዳ ላይ ከካሜሩን ጋር ተጫውተው ነበር፣ እኛም በቴሌቪዥን ስናይ ያሳዘነን የገባብን አራት ጎል ነው።

ካፍ ሜዳዎቻችሁ ደረጃ አያሟሉም ብሎ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት እንናደዳለን። የምናወራው ግን ስለ ሣሩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ መልበሻ ክፍሉ ነው። ስለ መውጫ በር የሚጠይቅ ደጋፊ እስካሁን አልገጠመኝም። በ2006 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ጋር በተጫወትን ጊዜ ሰው ከሌሊት ጀምሮ አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ የተሰለፈውን አስታውሱ። ከካታንጋ እስከ ሚስማር ተራ፣ በየትኛውም የስታዲየሙ የተመልካች ክፍል፣ ያን ቀን አንድ በር ቢጨናነቅ ምን ይሆን ነበር? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

እና አንተ ከኋላ የምትገፋው ወንድሜ፣ ላንተ ነው። የምትገፋው ፊትህ ያለውን ጎረምሳ አይደለም። እሱን አልፎ፣ ሌላ ሃያ ሰው አልፎ፣ በሩ ጋ ያለውን የ12 ዓመት ልጅ ነው። ክለብህን ስለምትወድ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ፊት ያለው ልጅም ያንኑ ማሊያ ለብሷል። ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ ምክንያት አለው፣ ብትገፋም አይከፈትም። ትኬት ሳትይዝ «በር ላይ አንድ ነገር ይገኛል» ብለህ አትምጣ። ፎርጅድ ትኬት የምትሸጠውም፣ ጓደኛህን በጓሮ የምታስገባውም፣ ለሌላ ሰው የተቆጠረ አየር ነው የምትሸጠው።

በር ጠባቂ የሆንከው ወንድሜ፣ ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ከትተህ ጨዋታ ልታይ አትግባ። ሰው ካለ፣ በሩ ጋ አንተም አለህ። ፖሊሶችም ብትሆኑ ፊፋ በስታዲየም ውስጥ አስለቃሽ ጭስ እንዳይያዝ የከለከለው በከንቱ አይደለም፤ መውጫ በሌለው ሕዝብ ላይ ጭስ መተኮስ ምን እንደሚያመጣ ከላይ አንብባችኋል።

መጨናነቁ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ሁለት እጃችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ፊት አድርጉ፣ ለሳንባችሁ ትንሽ ቦታ ትሰጣላችሁ። መልሳችሁ አትግፉ። የወደቀ ስልክ ለማንሳት አትጎንበሱ። ማዕበሉ ገፍቶ ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ጠርዝ ውጡ። ከግድግዳና ከአጥር ራቁ። የወደቀ ሰው ካያችሁ ያዙና አንሱት፣ ወደ ኋላ ዞራችሁም «አትግፉ! ሰው ወድቋል!» እያላችሁ ተቀባበሉት፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ሰው ይድረስ።

የደጋፊ ማኅበራት አመራሮች፣ ከበሮና ባነር ስታዘጋጁ ገንዘብ ታዋጣላችሁ፣ ጎበዞች ናችሁ። ከሚቀጥለው ትልቅ ጨዋታ በፊት ግን ሦስት ሰው መርጣችሁ ወደ ሜዳው ላኩ፣ ስንት መውጫ እንዳለ፣ ወደ የት እንደሚከፈት፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱን ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ለጥፉት። ባለፈው እሁድ በር ላይ የተጨናነቃችሁም፣ ያቺን ወሬ ሻይ ቤት ከመጨረሳችሁ በፊት የትኛው በር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደተፈጠረ ጽፋችሁ ለክለባችሁና ለፌዴሬሽኑ አስገቡ። ካልመለሱላችሁ ደግማችሁ ጻፉ።