ሁለት ኮርስ በአንድ እረፍት ይዘለቃል ወይ?

ክርክሩን ያስነሳችው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ካልኩለስ ላይ ኤፍ አግኝታለች። ስታቲስቲክሱን ደግሞ ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ ታማ ድሮፕ አድርጋዋለች። «ሁለቱንም በዚህ እረፍት ጨርሼ ከባቼ ጋር እቀጥላለሁ» አለችን።

አምና የተመረቀው ወዳጃችን ወዲያው ደገፋት። «እኔም እረፍት ላይ ባልማር ኖሮ በሰዓቱ አልመረቅም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ተማሪ ነው ያለው፤ አስተማሪው በስምሽ ያውቅሻል። ሴሚስተር ላይ አምስት ኮርስ ያራውጥሻል። እረፍት ላይ ሐሳብሽ አይበታተንም።»

የምታስተምረው ጓደኛችን ግን አልተዋጠላትም። «ቆይ፣ ሂሳቡን እንሥራው» ብላ ወረቀት አወጣች። ሦስት ክሬዲት ያለው ኮርስ በተለምዶ በሳምንት 3 ሰዓት ክፍል አለው። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል የግል ጥናት ይታሰባል። ይህ በ15 ሳምንት ሲባዛ 135 ሰዓት ይሆናል። «እረፍት ላይ የሚያጥረው ሳምንቱ ነው፤ ሥራው ያው ነው። በ6 ሳምንት ሲታጨቅ በሳምንት 22 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ሁለት ኮርስ ስትይዢ 45 ሰዓት። አንድ ቀን ብትቀሪ በመደበኛው ጊዜ ሁለት ቀን ተኩል እንደቀረሽ ቁጠሪው።»

«ታዲያ ሰው በሳምንት 45 ሰዓት ይሠራ የለ?» አላት።

«ይሠራል። ካልኩለስ ግን በሰዓት ብዛት ብቻ አይገባም። ሊሚት ሳይገባሽ ዴሪቬቲቭ አይገባሽም፤ ያ ሳይገባሽ ኢንተግራል ላይ ትቆሚያለሽ። ሴሚስተር ላይ አንድ ምዕራፍ ቢያስቸግርሽ ደጋግመሽ የምታዪበት ጊዜ አለሽ። እረፍት ላይ ገና ግራ እንደተጋባሽ ፈተናው ይደርሳል። ለመሆኑ አንተ ስንት ኮርስ ነበር የወሰድከው?»

«አንድ።»

«ምን?»

«ታሪክ» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ቀነስ ብሏል። ለእኔ ክርክሩ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው።

ለብዙ ዓመት ሬጅስትራር ውስጥ የሠሩት ጋሼ እስከዚያ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ነበር። «ልጄ፣ የምትወስጂው እዚያው ነው ወይስ ሌላ ኮሌጅ?» ብለው ጠየቋት።

«ቤተሰቦቼ ሰፈር አንድ ኮሌጅ አለ፣ ጋሼ። እዚያ ልመዝገብ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ተጠንቀቂ። ብዙ ቦታ ከሌላ ተቋም የመጣ ኮርስ ክሬዲቱ ይያዝልሻል እንጂ ግሬዱ ሲጂፒኤሽ፣ ማለትም አጠቃላይ አማካይ ውጤትሽ ውስጥ አይገባም። ኤፉ እዚያው ቁጭ ይላል። እሱን ማስተካከል ከፈለግሽ ብዙውን ጊዜ ያለው መንገድ በራስሽ ተቋም መድገም ነው። የግድ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ከመመዝገብሽ በፊት የኮርሱን ይዘት ይዘሽ ዲፓርትመንትሽን አስፈርሚ። ተምረው ጨርሰው ‹ይዘቱ አይመሳሰልም› የተባሉ ልጆች ቢሮዬ መጥተው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።»

ልጅቷ ዝም አለች። ቆይታ «ግን ከባቼ ብቀርስ?» አለች። የሚያስጨንቃት ይኸው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አብረው የገቡ ጓደኞች ቀድመው ሲሄዱ ማየት ከባድ ነው። ይህን ፍርሃት ማንም ሊያቃልልባት አይገባም።

እኔ እረፍት ላይ ትማር ባይ ነኝ። ግን አንድ ኮርስ ብቻ ትውሰድ፤ እሱም ካልኩለስ ይሁን፤ በራሷ ተቋም ትድገመው። ካልኩለስ ለቀጣዮቹ ኮርሶች ፕሪሪኩዚት ነው። እሱን ሳታልፍ የሚቀጥለውን መመዝገብ አትችልም። የሚቀጥለው ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አንድ ኤፍ ሙሉ ዓመት ይበላባታል። ከባቿ የሚያስቀራት ይህ ነው። ስታቲስቲክሱን ያቋረጠችው ታማ እንጂ አቅቷት አይደለም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከሌሎቹ ጋር ልትደርበው ትችላለች፤ የክሬዲት ጣሪያው እንደሚፈቅድላት ብቻ አሁኑኑ ትጠይቅ።

መምህሯ ያለችውን ግን ችላ ማለት የለባትም። ካልኩለስ ላይ የሚወድቁ ብዙ ተማሪዎች የሚቸገሩት በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ ነው። ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት የድሮ ፈተናዋን አውጥታ የት የት እንደሳተች ትይ። ክፍልፋይ ማቃለል ላይ ነው? ወይስ ሊሚቱ ራሱ ላይ? ክፍተቷን ሳትደፍን ከገባች 6 ሳምንቱ ያንኑ ኤፍ ይደግምላታል። ጥቂት ቀን ደግሞ ትተኛ፤ ከበሽታ የተነሳች ልጅ ናት።

ወዳጃችን አሁንም «ሁለቱም ይቻላል» ይላል። እሱ የወሰደው አንድ ታሪክ ነው። እሷ ልትወስድ ያሰበችው ካልኩለስና ስታቲስቲክስ አንድ ላይ ነው። በእሱ ልምድ ተማምና ብትመዘገብ እኔ አልስማማም።