ክቡን የተጫነው ማን ነው?

የድሬዳዋ ልጆች ሆይ፣ ልወቅሳችሁ የተነሣሁት ራሴን ከወቀሳው አውጥቼ አይደለም።

ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ዕዳ ያጎበጣቸው ሰዎች ለገንዘብ ሲሉ እስከ ሞት የሚጫወቱበት የኮሪያው ተከታታይ ድራማ «ስኩዊድ ጌም» የመጨረሻ ክፍሎች ከተለቀቁ በኋላ በየበርጫችን ሌላ ወሬ አልነበረንም። ዋናው ተጫዋች፣ ቁጥር 456፣ በጨዋታው መሐል ለተወለደችው ጨቅላ ሲል ራሱን ከማማው ሲወረውር አለቀሳችሁ፤ የገዛ ልጁን መደራደሪያ ያደረገውን አባትም ረገማችሁ። ልቅሶውም እርግማኑም አግባብ ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ፣ ከዚያ በኋላ «እኛ እንዲህ አይደለንም» ብለን ቀልለን ወደ ቤታችን መግባታችን ነው።

የጨዋታውን ደንብ ልብ በሉት። ለእያንዳንዱ ሟች 100 ሚሊዮን ዎን በሽልማቱ ላይ ይጨመራል። በኋለኞቹ ክፍሎች ደግሞ ከየዙሩ በኋላ ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙዎቹ «ይብቃን» ካሉ የተጠራቀመውን እኩል ተካፍለው በሕይወት ይወጣሉ። በሩ እንዲህ ወለል ብሎ ሳለ፣ ትናንት አጠገባቸው የተኛው ሰው አልጋ ባዶ መሆኑን እያዩ፣ «አንድ ዙር ብቻ» እያሉ «ይቀጥል» ማለት የሆነውን የክቡን ቁልፍ ተጫኑ። ጠመንጃ የያዙት ጭምብል ለባሾቹ ቢሆኑም፣ ጨዋታውን ያስቀጠለው የራሳቸው የተጫዋቾቹ ድምፅ ነበር። በመጨረሻው ዙር ማን ተገፍትሮ ይሙት የሚለውን እንኳ እንደ እድር ስብሰባ በድምፅ ብልጫ ነው የተማከሩበት። ዓይኔ ከጀግናው ሞት ይልቅ እዚህ ላይ ቀርቷል፤ ጀግናው አንድ ነው፣ ክቡን የተጫኑት ግን ብዙ ናቸው፣ ለሁሉም ደግሞ በቂ ምክንያት ነበራቸው።

ያንን አባት «አውሬ!» ሲል ያመሸ አንድ ባለባጃጅ ጎረቤት አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ቤንዚን ጠፍቶ የማደያው ሰልፍ መንገዱን በዘጋበት ሰሞን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሰፈራችን አንዲት ሴት ምጥ ያዛት። ባሏ በባዶ እግሩ ሮጦ መጣ። ጎረቤቴ በጄሪካን ያስቀመጠው ቤንዚን ነበረው፤ ነገር ግን የወትሮውን አምስት እጥፍ ጠራ። ሰውየው ኪሱን ገለበጠው፤ አንዲት የተጣጠፈች መቶ ብር ብቻ ወደቀች። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔም ሽርጤን እንዳገለደምኩ በሬ ላይ ቆሜ፣ «ቤንዚን እኮ የለም፣ እሱስ ምን ያድርግ?» አልኩ። ሰውየው ቀሪውን ከሁለት ቤት ተበድሮ ከፈለ።

እንግዲህ «የሰው ልጅ ተፈጥሮው ስግብግብ ነው» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ሲወስድብን፣ የማን እንደሆነ የማያውቀውን ሕፃን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ያነጋው ይኸው ባለባጃጅ ነው። ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ማንም አልቀረጸውም፣ እሱም አያወራውም። ሰውየው አልተለወጠም። በጎርፉ ሌሊት የሌላው መሞት ለማንም ድርሻ አይጨምርም ነበር፤ በቤንዚኑ ሌሊት ግን የሌላው ጭንቅ ዋጋ ወጣለት፣ እኔም ዋጋውን አጸደቅሁለት። ዘይትና ስኳር ከመጋዘን ደብቃችሁ ቀን የምትጠብቁ፣ የቤታችሁ ተከራይ ዘመድ ከውጭ ገንዘብ ላከለት ሲባል ኪራይ የምትጨምሩ፣ እናንተም ከዚያ አዳራሽ ውጪ አይደላችሁም። ከእናንተ ይልቅ ደግሞ የምወቅሰው አጠገብ ቆሞ «ምን ያድርግ?» የሚለውን እንደኔ ያለውን ነው፤ ድምፁ የሚቆጠረው የእሱ ነውና።

የዚያች ሴት ባል ትናንት ቀፊራ ገበያ አገኘኝ። ጨብጦኝ ሴት ልጅ መውለዳቸውን ነገረኝ፤ ስለ ባጃጁ ሒሳብ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም።