አልጋ የለዩት መምህር

ክርክሩን ያስነሱት አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ማንኮራፋታቸው ባለቤታቸውን አላስተኛ ስላለ፣ ሴትየዋ ልጃቸው አግብታ በለቀቀችው ክፍል መተኛት ጀምረዋል። ወሬው ዕድር ስብሰባ ድረስ መጣ።

«በዚህ ዕድሜ አልጋ መለየት ምን የሚሉት ነው? ሰው ተጣልተው ነው አይልም?» አሉ አንድ አዛውንት።

አጠገባቸው የነበሩት እናት አላስጨረሷቸውም። «ሰው ያሻውን ይበል! ድሮ ጉልበት ነበረን፣ ሳንተኛም ቢነጋ ተነስተን እንሮጥ ነበር። አሁን አንዴ ከነቃሁ እስከ ኪዳን ደወል ዓይኔ አይከደንም። የኔው ሰውዬ ሲያንኮራፋ፣ ደግሞ ለሽንት ሲነሳ፣ መብራት ሲያበራ… ይፍረዱኝ እንጂ!»

«ሌሊት አንድ ነገር ቢሆንስ ማን ይሰማዋል?» አሉ አዛውንቱ።

ቤቱ ዝም አለ። ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ወደ እናትየዋ ዞረች። «እትዬ፣ ባለቤትዎ እያንኮራፉ ሳለ ድንገት ትንፋሻቸው ጸጥ ይልና እንደታነቀ ሰው ይባንናሉ?»

«ኧረ ልቤ እስኪጠፋ! በክርኔ እጎሽመዋለሁ።»

«ቀንስ ያንቀላፋሉ?»

«ዜናው ሳያልቅ!»

ነርሷ ነገሩን አፍታታችው፦ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከተቋረጠ በሽታ ነው፤ ደም ግፊትንም ያባብሳል። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሳትም አንዳንዴ ከዚሁ ይመጣል። ዕድሜ ሲገፋ ከባዱ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ በኮሽታ መንቃት ይበዛል፤ የሚያስፈልገው ግን ያው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው። አንዱ «እኔ የእንቅልፍ ኪኒን ገዝቼ እገላገላለሁ» ቢል ተቆጣችው። ኪኒኑ ትንፋሹን ይብስ ሊያዳክመው ይችላል፤ ሌሊት ሲነሱም አደንዝዞ ይጥላል፣ የዳሌ አጥንት የሚሰበረው እንዲህ ነው አለችው።

እኔ ለየብቻ መተኛቱን እደግፋለሁ። እንቅልፍ ያጣች የስልሳና የሰባ ዓመት ሴት ለጎረቤት ወሬ ብላ የምትሰቃይበት ምክንያት አይታየኝም። የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ያሳስበኛል፤ የተኛ ሰው ትንፋሹ መቋረጡን አያውቅም፣ ሐኪም ሲጠይቀው «ደህና እተኛለሁ» ነው የሚለው። ያየችው፣ የሰማችው ሚስቱ ናት። ስለዚህ የመምህሩ ባለቤት ከክፍሉ የወጡት ወጥተው፣ ሐኪም ቤት ግን አብረዋቸው ገብተው ሌሊት የሰሙትን ራሳቸው ይንገሩ። በራፎቹ ገርበብ ይበሉ፣ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው ኮሪደር ላይም ትንሽ አምፖል ትብራ።