ቶኪዮን በጎ-ካርት መጎብኘት፦ ጉብኝት ነው ወይስ ግርግር?

ቶኪዮ ውስጥ ቱሪስቶች ጎ-ካርት የሚባሉ፣ ጣሪያም በርም የሌላቸው ትንንሽ ተሽከርካሪዎችን እየነዱ ከተማዋን የሚያዩበት ጉብኝት አለ። አስጎብኚው ከፊት ይመራል፣ ሌሎቹ በሰልፍ ይከተላሉ። መንገዱ ለእነሱ ተብሎ የተከለለ አይደለም፤ ታክሲውም አውቶቡሱም የጭነት መኪናውም የሚሄድበት ዋና ጎዳና ነው። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ “ይህ ጉብኝት ሊበረታታ ይገባል ወይ?” የሚል ነው። ደጋፊዋ ነዋሪነታቸው አሜሪካ ነው፤ ካርቱን ራሳቸው ነድተውታል። ተቃዋሚው ኑሯቸውን ቶኪዮ ያደረጉ ናቸው።

ደጋፊ፦

ቶኪዮን አብዛኛው እንግዳ የሚያያት ከመሬት በታች ሆኖ ነው። ሺንጁኩ ላይ ባቡር ውስጥ ይገባል፣ ጊንዛ ላይ ይወጣል። በመሃል ያለውን ከተማ አያየውም። ሳምንት የከረመ ሰው እንኳ ሮፖንጊ ለቶኪዮ ታወር ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ካርቱ ላይ ስትቀመጥ ግን ሰፈሩ ከሰፈሩ ጋር ይገጣጠምልሃል። ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ፎቆቹ የት ላይ ዝቅ እንደሚሉ፣ የባሕሩ ንፋስ ከየት እንደሚመጣ በአካልህ ታውቀዋለህ።

መቀመጫው ከአስፋልቱ እምብዛም ከፍ አይልም። ጣሪያ የለም፣ መስኮት የለም። ቶኪዮ ታወር 333 ሜትር ይረዝማል። አጠገቡ ስትደርስ ከአውቶቡስ መስኮት የሚታይህ እግሩ ብቻ ነው። ካርት ላይ ሆነህ ቀይ መብራት ቢይዝህና ቀና ብትል ግን እስከ ጫፉ ታየዋለህ። ማታ ሲሆን ደግሞ መብራቱ በርቶ፣ ከላይህ ቆሞ። ሬይንቦው ድልድይ ላይ ስትወጣ ከተማው ከኋላህ ይቀራል፣ ውኃው በሁለቱም በኩል ይከፈታል። ይህንን ስሜት በሌላ መንገድ አላገኘሁትም።

ሥርዓት የለውም የሚባለው ትክክል አይደለም። ካርቱ ታርጋ አለው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው አይነዳውም። ከውጭ የመጣ አብዛኛው ሰው በእ.ኤ.አ. 1949 የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የተሰጠ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አሜሪካ ያለን ሰዎች ይህን በቀላሉ እናወጣለን። መጠጥ የቀመሰ ሰውም አይነዳም፤ ጃፓኖች በዚህ ቀልድ አያውቁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቶኪዮ እና እኛ ኢትዮጵያውያን የምንተዋወቀው በአስፋልት ነው። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ከብሔራዊ ስታዲየም ተነስቶ፣ በኮሹ ካይዶ ጎዳና እስከ ቾፉ ሮጦ ተመለሰ። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቶኪዮን ያያት ከመንገዱ መሃል ሆኖ ነው። እኔም እዚያ መሃል ሆኜ ማየቴ ደስ ብሎኛል።

ተቃዋሚ፦

እህቴ አበበን ስላነሱ ከእሱ ልጀምር። ያን ቀን መንገዱ ለውድድሩ ተዘግቶ ነበር። የቶኪዮ ሕዝብ ፈልጎ፣ ቀድሞ ወጥቶ፣ ግራና ቀኙን ሞልቶ ነው የጠበቀው። ካርቱን ግን ማንም ውጣልን አላለውም። ሺቡያ መሻገሪያ ላይ የቆመው ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው። የሞተር ጩኸት ይሰማል፣ የጨዋታ ገጸ ባሕርይ መስሎ የጨርቅ ጭራ ያለው ልብስ የለበሰ ቱሪስት እጁን ያውለበልብለታል። አንድ ቀን ቢሆን ያስቃል። በየቀኑ፣ በየሰዓቱ ሲሆን ግን ሰፈሩ ሰፈር መሆኑ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጃፓንን ከ36 ሚሊዮን በላይ እንግዳ ጎብኝቷታል። ይህን ሁሉ ሰው የሚሸከሙት ጥቂት ሰፈሮች ናቸው።

ወደ ደህንነቱ ልምጣ፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ካርቱ በሁለት ሕግ መሃል የወደቀ ተሽከርካሪ ነው። የትራፊክ ሕጉ እንደ መኪና ያየዋል፤ ስለዚህ ሄልሜት ግዴታ አይደለም። የተሽከርካሪ ሕጉ ደግሞ ሞተሩ ከ50 ሲሲ ስለማይበልጥ ከትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ጋር ይመድበዋል፤ ስለዚህ መኪና የሚያልፍበት የየጊዜው ቴክኒክ ምርመራ አይመለከተውም። ከሁለቱም ወገን የላላውን ወስዷል ማለት ነው። በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በር የለውም፣ የነጂው ጭንቅላት ደግሞ የጭነት መኪናው ጎማ ትይዩ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ከጎኑ ዝቅ ብሎ የቆመን ነገር ለማየት ይቸገራል።

ነጂውስ ማነው? አሜሪካም ኢትዮጵያም በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ጃፓን በግራ ነው። በሕይወቱ በግራ ነድቶ የማያውቅ ሰው አጭር ማብራሪያ ተሰጥቶት ከዓለም ትልልቅ ከተሞች በአንዱ መሃል ይለቀቃል። በአዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ጭራሽ አይቻልም፤ ኢትዮጵያ በ1949ኙ ስምምነት ውስጥ የለችበትም። እዚህ ሊጠይቁኝ ለሚመጡ ዘመዶቼ ይህን አስቀድሜ ነው የምነግራቸው።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ሥራው ራሱ ሲጀመር በሰው ንብረት ላይ የቆመ መሆኑ ነው። የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያው ኒንቴንዶ የጨዋታ ገጸ ባሕርያቱን ልብስ ለደንበኞቹ ያከራይ የነበረን የካርት ድርጅት ከሶ፣ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የ50 ሚሊዮን የን ካሳ ወስኖለታል።

ደጋፊ፦

የልብሱ ጉዳይ በፍርድ ቤት አልቋል። ድርጅቱ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ አልተቀበለውም። የአንዱ ድርጅት ጥፋት የጉብኝቱን ዓይነት አያስኮንንም።

ደህንነቱ ላይ ግን ወንድሜ ያሉት ከባድ ነው፤ በዋዛ አላልፈውም። የጃፓን መንግሥትም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ቀበቶ እና ከኋላ ከፍ ብሎ የሚታይ መብራት የሚጠይቅ ደንብ አውጥቷል። አስጎብኚዎቹም ቢሆኑ ዝም ብለው የሚነዱ አይደሉም። የእኛው በየመታጠፊያው በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ መብራት ሰልፉን ከቆረጠው ዳር ይዞ ይጠብቃል። እሱን ሳላይ የነዳሁበት ጊዜ የለም።

ኒሆንባሺ ድልድይን ያውቁታል፤ የጃፓን መንገዶች ርቀት የሚለካው ከዚያ ነው። የመነሻው ምልክት የተቀበረው ድልድዩ ላይ፣ አስፋልቱ መሃል ነው። እግረኛው እንዲያየው ዳር ላይ የተቀመጠለት ቅጂው ነው። ከላዩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ፈጣን መንገዱ ያልፍበታል። ቶኪዮ በመንገድ የተሠራች ከተማ ናት። መንገዷን በመንገድ ማየት ምን ነውር አለው?

ተቃዋሚ፦

ነውሩ አለማየቱ ነው። ካርት የሚነዳ ሰው ዓይኑ የት ነው? ራስዎ ነገሩን፤ አስጎብኚውን ሳላይ አልነዳሁም አሉ። መሆን ያለበትም እሱ ነው፤ ቀና ቀና የሚል ሹፌርማ ሰው ይገጫል። እንግዲህ ጥሩ ከነዱ ከተማው ያመልጥዎታል፣ ከተማውን ካዩ አነዳድዎ ይበላሻል። ከዚህ የሚያወጣ መንገድ አይታየኝም።

ሰፈር ከሰፈር ሲገጣጠም ማየት ለሚፈልግ ያማኖቴ ባቡር አለ። 34.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ 30 ጣቢያ አለው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከተማዋን ዞሮ ይመልስዎታል። የሚሄደውም ከመሬት በላይ ነው። ሬይንቦው ድልድይን በእግር መሻገር ይቻላል፤ በነፃ ነው። ሺንጁኩ የሚገኘው የከተማው አስተዳደር ሕንፃም 202 ሜትር ከፍታ ላይ ማያ ፎቅ አለው፤ እሱም በነፃ ነው። ለካርቱ ከ10 ሺህ የን በላይ ይከፈላል።

ደግሞ እኔ የምወዳት ቶኪዮ መኪና የማይገባባት ናት። ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ፣ ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው ይኖራሉ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ አሮጊቶቹ በር ላይ አበባ ያጠጣሉ። በእግርዎ ቢመጡ አማርኛ ይሰማሉ፣ እንጀራም አይጠፋም። ካርቱ ይህን አያሳይዎትም፤ ባያሳይም ደስ ይለኛል፤ ሰልፉ እዚያ እንዲገባ አልፈልግም።

ደጋፊ፦

ዮትሱጊ አልሄድኩም፤ ቢጠሩኝ እመጣለሁ፣ በእግሬ። አነዳዱ ዓይን ይይዛል ያሉትን ግን አልቀበልም። የቶኪዮ መብራት ረጅም ነው። በየመብራቱ ትቆማለህ፣ ታያለህ፣ የመንገዱ ሰው ያናግርሃል። ከጎኔ የቆመ ታክሲ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከየት እንደመጣሁ ጠይቆኛል። ኢትዮጵያ ስለው “አበበ!” አለኝ። ባቡር ውስጥ ማንም ማንንም አያናግርም።

እንግዲህ የምደግፈው በምን መልኩ እንደሆነ ልናገር። ሄልሜት ግዴታ ይሁን። በግራ ነድቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ዝግ ቦታ ላይ ይለማመድ። ሰልፉ ከአራት ካርት አይብለጥ። ማታ ከመሸ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ አይገባ። ይህ ከተሟላ መከልከሉ አይታየኝም።

ተቃዋሚ፦

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነገ ቢታወጁ አጨበጭባለሁ። የየጊዜው ምርመራም ይጨመርበት። አራተኛው ላይ ግን እህቴ አንድ ነገር ዘለሉ፦ መኖሪያ ሰፈር የቱ እንደሆነ ማን ይወስናል? ሺቡያም አሳኩሳም ሰው የሚተኛባቸው ቤቶች አሉ። ውሳኔውን ለካርት ድርጅቶች ብንተወው ሁሉም ጎዳና የቱሪስት ጎዳና ይሆናል። መንገዱን የየወረዳው ነዋሪ ተጠይቆ ይምረጥ፣ እምቢ የማለት መብትም ይኑረው። ይህ እስካልሆነ ድረስ አልደግፍም።