ክረምቱን ሙሉ የቆመ መኪና እና የሹፌሩ ደመወዝ

ባሕር ዳር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ዓይነት ነገር አያለሁ፤ ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ክረምቱን ሙሉ ግቢ ቆሞ የከረመ የቱሪስት መኪና፣ ሃይሩፉም ላንድክሩዘሩም፣ እንግዳ ተገኘ ሲባል ቁልፍ ይዞርለታል። ጠቅ ጠቅ ብቻ። ከዚያ የሰፈሩ ልጅ ተጠርቶ በግፊት ይነሣና እኔ ጋ ይመጣል። ባለቤቱ ደግሞ "ባትሪው እኮ አዲስ ነው፣ ፎርጂድ ሸጠውልኝ ነው" ይለኛል። ኧረ ወንድሜ፣ ባትሪው ምን አጠፋ!

"ዘበኛው ጠዋት ጠዋት አምስት ደቂቃ ያሙቀዋል" የምትሏትን ነገር በፈጠራችሁ ተዉአት። ሞተር ሲነሣ፣ በተለይ ናፍጣ ከሆነ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከባትሪው ብዙ ይስባል። ቆሞ ነዳጅ ሳይሰጠው፣ በሚኒሞ፣ አምስት ደቂቃ ቢሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ቢበዛ እሱኑ ይመልስ ይሆናል እንጂ ቆሞ ሳለ የፈሰሰውን አይሞላም። የሚያፈስ እንስራ ላይ በስኒ ውሃ መጨመር ነው።

ወዴት ፈሰሰ ትሉኛላችሁ። አላርም አለ፣ የቴፑ ሰዓት አለ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሁሉም ጂፒኤስ ያስገጥማል። ሞተሩ ቢጠፋም እነሱ አይተኙም። ተደምረው 50 ሚሊአምፒር ብቻ ቢስቡ እንኳ በወር 36 አምፒር ሰዓት ይሆናል፤ የ70 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ሰኔ ላይ የቆመ መኪና ለመስከረም ምን ይተርፈዋል? ሞልቶ ያረፈ ባትሪ በቴስተር 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ባዶውን ከከረመ ውስጡ ያለው እርሳስ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ብታደርጉትም በደንብ አይቀበልም።

ባለፈው ከዳንግላ ተጎትቶ የመጣ አንድ መኪና ነበር። ኮፈኑን ስከፍት የባትሪው ፖሎች፣ ገመዱ የሚታሰርባቸው ጫፎች፣ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሰዋል። የባትሪውን ክዳኖች ፈታሁ፤ ሰሌዳዎቹ ከውሃው በላይ ወጥተው ደርቀዋል። የቧንቧ ውሃ ሲጨምሩበት እንደነበር ነገሩኝ። የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው፣ ስንት ጊዜ ይነገር!

10 ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ የሌለው ሹፌር የለም። መኪናውን ከማቆማችሁ በፊት ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አስደርጉና የነጌቲቩን (−) ገመድ በእሱ ፍቱት። በቃ። ቴፑ ሰዓቱን ቢረሳ ምን ይሆናል? ፈትታችሁም ቢሆን በወር አንዴ ለኩት፣ ባትሪ በራሱም ቀስ እያለ ይወርዳል። አላርሙ መጥፋት የለበትም የምትሉ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ሰኩለት። መብራት ይጠፋል ካላችሁ 20 ዋት ሶላር ከነኮንትሮለሩ ጣሪያው ላይ አድርጉ፤ ክረምት ደመና ቢሆንም ለዚች ፍሳሽ አያንስም። ሲሚንቶ ላይ ካስቀመጡት ይሞታል የሚሉትን ግን አትስሙ፣ የዛሬ ባትሪ ቤቱ ፕላስቲክ ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ባትሪው ብቻ አይደለም። ጢስ ዓባይ የሚሄድ እንግዳ ሆቴል በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ሹፌሩ ላብ በላብ ሆኖ መኪና ያስገፋል። ክረምቱን ሙሉ ሥራ አልነበረውም፣ የመኪናውም ቁልፍ እሱ ጋ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ የአዲሱን ባትሪ ዋጋ ከደመወዙ የሚቆርጡበት ባለንብረቶች አሉ፤ ፊቴ ቆመው ሲነግሩት ሰምቻለሁ። ይሄ ግፍ ነው። የቆረጣችሁበትን መልሱለት።