ሊን ሃሪስን የጣልናቸው እኛ አይደለንም

ሰሞኑን በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በተካሄደ የማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ በ2026 ስለሚደረገው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ምርጫ ሲነሳ፣ መድረኩን የያዙ አንድ የተከበሩ ሰው ጉዳዩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘጉት። የቦርዱ አባል የነበሩትን ሊን ሃሪስን በሰልፋችን ከወንበራቸው አውርደናቸዋል፣ የቀረውን ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጨርሶልናል፣ ስለዚህ ለቦርድ ምርጫ የምንደክምበት ምክንያት የለም አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት አይደለም፤ ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ከሁለቱ የወጣው ምክር ግን በቀጥታ የሚጎዳው ልጆቻችንን ነው።

የወይዘሮ ሃሪስ የምርጫ ታሪክ አጭር ነው። መምህርና የካውንቲው የወላጆችና መምህራን ማኅበራት ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሃሪስ፣ በ2020 ከአሥር በላይ እጩዎች ከተፎካከሩበት ቅድመ ምርጫ ካለፉት ሁለት ሰዎች አንዷ ሆኑ፤ በኖቬምበር ደግሞ ሱኒል ዳስጉፕታን አሸንፈው መላውን ካውንቲ የሚወክለውን ወንበር ያዙ። በማርች 2023 ቦርዱ፣ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችንና የጾታ ማንነትን ጉዳይ የሚያነሱ የልጆች መጻሕፍት በክፍል ሲነበቡ ወላጆች ቀድመው እንዲያውቁና ልጃቸውን እንዲያስወጡ ይሰጥ የነበረውን ፈቃድ አነሳ፤ በዚህም የተነሳ ወላጆች ቦርዱን ከሰሱ። ሃሪስም በቦርዱ ፊት ቆማ የተቃወመች ሙስሊም ተማሪ ከወላጆቿ የሰማችውን ዶግማ እየደገመች ይሆን ብለው ተናገሩ። ንግግሩ ከሁለት ዓመት በኋላ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቃል ክርክር ላይ በዳኛ ኒል ጎርሰች እስኪነሳ ድረስ ተከተላቸው። በ2023 ሮክቪል በሚገኘው የቦርዱ ጽሕፈት ቤት ደጅ ሙስሊሞች፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንና ሌሎች ክርስቲያኖች ጎን ለጎን ሲሰለፉ እኔም ነበርኩ፤ ዛሬም የምኮራበት ነገር ነው። በሜይ 14 ቀን 2024 ቅድመ ምርጫ ሃሪስ ወደ ኖቬምበሩ ውድድር ሳያልፉ ቀሩ፤ የአንድ ዘመን የቦርድ አባልነታቸውም በዚያው አበቃ።

ከዚህ ተነስቶ እኛ ጣልናቸው ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። በዚያው ዓመት የተሸነፉት ሃሪስ ብቻ አልነበሩም፤ ለምርጫ የቀረቡት የሦስቱም ወንበሮች ነባር ባለቤቶች ወንበራቸውን አጥተዋል። ካውንቲው የተቆጣው በዋናነት በሌላ ጉዳይ ነበር። ተደጋጋሚ የትንኮሳ አቤቱታ የቀረበበት ርዕሰ መምህር ወደ ከፍተኛ ሹመት መታጨቱ በ2023 ሲጋለጥ የቦርዱ ስም ክፉኛ ጎደፈ፤ የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ ሞኒፋ ማክናይትም በፌብሩዋሪ 2024 ለቀቁ። ያንን ቁጣ ሰብስቦ ወደ ድምፅ የለወጠው ደግሞ የመምህራኑ ማኅበር ነው። ማኅበሩ የሚደግፋቸውን እጩዎች ስም በፖም ቅርጽ ካርድ ላይ አትሞ ያድላል፤ አፕል ባሎት ይሉታል። ስለ ትምህርት ቦርድ እጩዎች ምንም የማያውቅ መራጭ ድምፅ መስጫው ደጅ ላይ ያንን ካርድ ተቀብሎ ይገባና ስሞቹን አይቶ ይመርጣል። በ2024 ካርዱ ላይ የነበሩት ሪታ ሞንቶያ፣ ናታሊ ዚመርማንና ላውራ ስቱዋርት ሦስቱም አሸነፉ። የሃሪስን ወንበር የወሰዱት ሞንቶያ ናቸው። በቅድመ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የተዘጋጀ ስም ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ሰውን በስሙ ጠርቶ የሚያስመርጥ ቡድን ሁሉ ይገዛዋል። እኛ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በአንድ እሑድ ወይም በአንድ ጁምዓ የምናገኘውን ሕዝብ የሚያህል ቁጥር ሌላ ማንም በአንድ ቦታ አያገኝም፤ ሆኖም በሜይ 2024 የአንድም እጩ ስም አላደልንም።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልተቆጣሁ። ዋናው ማስረጃ ከምርጫው በኋላ የሆነው ነው። የአራተኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በወላጆቹ ላይ የፈረደው ሃሪስ በተሸነፉ ማግሥት፣ በሜይ 15 ቀን 2024 ነበር። ሦስቱ አዲስ አባላት በዚያ ዓመት መጨረሻ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሲገቡ ክሱ ገና በፍርድ ቤት ነበር፤ ቦርዱ ፈቃዱን መልሶ ጉዳዩን መዝጋት ይችል ነበር። አላደረገውም። በኤፕሪል 2025 የቦርዱ ጠበቃ በዋሺንግተን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ፊት ቆሞ ያንኑ ፖሊሲ ተከራከረለት። ታዲያ አሸነፍን የምንለው ምኑን ነው? ሰው ተለወጠ፤ የተቃወምነው ውሳኔ አንድ ፊደል አልተለወጠም። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ለመረጣቸው ወገን ታመኑ፤ እኛ አልመረጥናቸውምና የሚያስታውሱን ምክንያት አልነበራቸውም። ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ ጅቡን አባረርኩ ብሎ ሊመካ አይገባውም።

ፍርድ ቤቱ ጨርሶልናል ለሚለውም መልሱ አጭር ነው። በጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ የተሰጠው ውሳኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ክሱ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ከሳሾቹ ወላጆች አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ አድርጓል። ፍርድ ቤቱ የሰጠው ከክፍል የመውጫ በር ነው። ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚማሩ፣ ማን እንደሚያስተምራቸው፣ ከሦስት ቢሊዮን ዶላር የሚበልጠው ዓመታዊ በጀት ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርስ የሚወስነው ያው ቦርድ ነው። የውድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት የትኛው ሰፈር ልጅ ወዴት እንደሚመደብ የሚወስን ዳኛ የለም። የሲልቨር ስፕሪንግና የዊተን ወላጅ ይህንን ሳያውቅ የድል ጭብጨባ ማጨብጨቡ ያሳዝነኛል።

ብዙዎቻችን ገና ዜግነት ስላላገኘን መምረጥ አንችልም የሚለው ክርክር ብቻ እውነት አለበት። ግሪን ካርድ ያለው የታኮማ ፓርክ ነዋሪ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የከተማውን ከንቲባና ምክር ቤት ይመርጣል፣ የካውንቲውን የትምህርት ቦርድ ግን አይመርጥም፤ በሳን ፍራንሲስኮ ዜጋ ያልሆነ ወላጅ ለትምህርት ቦርድ ድምፅ ይሰጣል፣ እዚህ አይሰጥም። ይህ በደል ነው፤ ሊጠየቅበትም ይገባል። ነገር ግን ዜግነት ያገኙት በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ምን ምክንያት አላቸው? የቦርድ ምርጫ ፓርቲ የለበትምና የየትኛውም ፓርቲ አባል ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው በቅድመ ምርጫው ለቦርድ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ በሜሪላንድ በምርጫው ዕለት ጣቢያው ድረስ ሄዶ መመዝገብም ይፈቀዳል። የትምህርት ቤቶቹ ደብዳቤ በአማርኛ ተተርጉሞ ሲደርሰን፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ መታተሙ ለእናቶቻችን እንቅፋት መሆኑን አልክድም፤ ስለዚህም ነው የእጩዎቹን ስም በአማርኛ ጽፎ የሚያድል ሰው የሚያስፈልገን። የሚገርመው ደግሞ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆቻችን፣ ዜግነታቸው ሳይጠየቅ፣ የቦርዱን የተማሪ አባል በየዓመቱ ይመርጣሉ፤ ያ ተማሪም በአብዛኛው ጉዳይ ድምፅ ይሰጣል። በአንዳንዱ ቤት የ12 ዓመቷ ልጅ በቦርዱ ላይ ድምፅ አላት፤ ዜግነት ያላቸው ወላጆቿ ያላቸውን ድምፅ አይጠቀሙበትም።

በ2026 አራት ወንበሮች ለምርጫ ይቀርባሉ፤ አንዱ የመላው ካውንቲ፣ ሦስቱ የአንደኛው፣ የሦስተኛውና የአምስተኛው ቀጣና ናቸው። የቀጣናዎቹንም ወንበር የሚመርጠው ቀጣናው ብቻ ሳይሆን መላው ካውንቲ ስለሆነ፣ በየትኛውም ሰፈር ብንኖር ለአራቱም ድምፅ አለን። በዚያ መድረክ ላይ ድሉን ያወጁልን ሰው ያንኑ አዳራሽ ከቅድመ ምርጫው በፊት ይከራዩ፣ እጩዎቹን በሙሉ ይጥሩ፣ ስለ መጻሕፍቱ ማሳወቂያ፣ ልጆች በየሰፈራቸው ለየትምህርት ቤቱ ስለሚመደቡበት ወሰንና ስለ በጀቱ በአማርኛ አስተርጓሚ ፊት ለፊት ያስጠይቁልን፤ የኪራዩን ድርሻዬን እኔ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።