ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ዘመድ አይደሉም

መርካቶ ቅመም ከሚሸጥበት ረድፍ ገብታችሁ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብታዩ፣ የአንድ እናት ልጆች ይመስሏችኋል። ስማቸው አንድ ነው። ቦታቸው አንድ ነው። በርበሬ ሲዘጋጅም አብረው ይገባሉ። ዝምድና ግን የላቸውም። ነጭ አዝሙድ የድንብላል፣ የእንስላልና የከሙን ቤተሰብ ነው። ጥቁር አዝሙድ ከነዚህ በጣም ከራቀ ሌላ ቤተሰብ የመጣ ነው።

ይህን ለማወቅ አበባቸውን ማየት አያስፈልግም። አበባቸውንማ ስንቶቻችን አይተነው እናውቃለን? ከሁለቱም ቆንጠር አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጥቁሩ ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ ላዩ ሸካራ የሆነ ዘር ነው። ነጩ ጀርባው ላይ መስመር መስመር አለው። በጥፍራችሁ ጫን ስትሉት ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ግማሽ ላይ አምስት ስስ ሸንተረር ታገኛላችሁ። በሸንተረሮቹ መሃል የዘይት ቧንቧዎች አሉ፤ ያ ሽታ የሚወጣው ከነሱ ነው። እንስላሉም ከሙኑም አሠራራቸው ይኸው ነው። ድንብላል ክብ ስለሆነ ያሳስታል እንጂ እሱም ሁለት ግማሽ ነው። ግማሾቹ በቀላሉ አይላቀቁም፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ነገሬ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ መሃል የሚኖር ሰው አብዛኛውን ተክል የሚያውቀው በዘሩ ነው። የምስር አበባ ምን ዓይነት እንደሆነ ፒያሳ ላይ መንገደኛ እያስቆማችሁ ብትጠይቁ መልስ ማግኘታችሁን እጠራጠራለሁ። ምስርን ግን ሕፃን ልጅም ያውቃታል። ስለዚህ የዕፅዋት ትምህርታችንም የእህል ቁጥጥራችንም ከዘር ቢነሳ ይሻላል ባይ ነኝ። አሁን የያዝነው መንገድ ሌላ ነው። ተክል የሚለይ የስልክ መተግበሪያ በየሰው እጅ ገብቷል። ቅጠልና አበባ ፎቶ ታነሱለታላችሁ፣ ስም ይነግራችኋል። እንጦጦ ለመንሸራሸር ደህና ነው። እህል በረንዳ ስትደርሱ ግን ቅጠል የለም፣ አበባም የለም። ያለው ጆንያ ነው።

የዕፅዋት ሊቃውንትም ዓይናቸውን ዘር ላይ ከጣሉ ቆይተዋል። ሮበርት ሞሪሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1672 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስለዚሁ ስለ ድንብላል ቤተሰብ ብቻ መጽሐፍ አሳተመ። ለአንድ የተክል ቤተሰብ ብቻ ተብሎ የተጻፈ የመጀመሪያው ሥራ እንደሆነ ይነገርለታል። ዘመዳሞቹን የለየው በዋናነት በፍሬያቸው ነው። አማራጭም አልነበረውም። የዚህ ቤተሰብ አበቦች ጥቃቅን፣ ነጭ ወይም ቢጫ፣ በዣንጥላ ቅርጽ የተሰበሰቡ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው መለየት ያታክታል። ፍሬው ላይ ሲደረስ ግን ልዩነቱ ቁልጭ ይላል። የሸንተረሩ ከፍታ፣ የዘይት ቧንቧው ብዛት፣ ፀጉር መኖር አለመኖሩ፣ ሁሉም ይናገራል። ደግሞ በዚህ ቤተሰብ መቀለድ አይቻልም። ሶቅራጥስ የሞተበት መርዝ የወጣው ከነጭ አዝሙድ ዘመድ ነው።

ከሞሪሰን በኋላ ጀርመናዊው ዮሴፍ ጌርትነር መጣ። ከ1788 ጀምሮ ባሳተመው ሥራ ከሺህ በላይ የሆኑ ተክሎችን ፍሬና ዘር እየቆረጠ፣ ውስጣቸውን እያየ፣ በሥዕል አስቀመጠ። ትምህርት ቤት የተማርነው ባለ አንድ ክክና ባለ ሁለት ክክ የሚለው ክፍፍልም መነሻው ዘር ነው። በቆሎ አንድ፣ ባቄላ ሁለት።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ የሚፈልገው ላይ ደረስን። የዘር መልክ ሁሉ እኩል አይመዝንም። ገበያችን ጤፍን የሚለየው በቀለም ነው፤ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ። የዋጋው ልዩነት ኪስ ይጎዳል። በዕፅዋት ሊቅ ዓይን ግን ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው። መጠንም ብዙ አይታመንም። ሰው አንድን ተክል ማልማት ሲጀምር ትልልቁን እየመረጠ ስለሚዘራ፣ ዘሩ ከዱር ዘመዱ እየገዘፈ ይሄዳል። ጤፍ ለዚህ እምቢ ያለ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ታርሶም ሺህ ፍሬው ተሰብስቦ ግማሽ ግራም አይሞላም። ከዱር ዘመዶቹ የሚለየው ይልቅ ሲደርስ ፍሬውን ባለማርገፉ ነው። እምነት የሚጣልባቸው ምልክቶች ሌሎች ናቸው። የዘሩ ቅርጽ፣ የቆዳው ንድፍ፣ ውስጡ ያለው ፅንስ አተኛኘት፣ እንዲሁም ዘሩ እሸት ሳለ ከእናቱ ጋር ተያይዞ የነበረበት ጠባሳ። ይህ ጠባሳ እንደ ሰው እትብት ነው። ባቄላ ላይ ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ሰረዝ እሱ ነው።

ሰናፍጭና ጎመንዘርን ውሰዱ። ሁለቱም ድቡልቡል፣ ሁለቱም ደቃቅ ናቸው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ ትንሽ ሌንስ ስታዩአቸው ግን ሰናፍጩ ያነሰ ነው፤ ቆዳው ላይም መረብ የመሰለ ንድፍ ጎላ ብሎ ይታያል። ዝምድናቸው ደግሞ ተራ ዝምድና እንዳይመስላችሁ። ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው ናጋሃሩ ዩ በ1935 እንዳሳየው፣ የእኛው ጎመንዘር የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ድቅል ነው። ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞዞም አለው፣ ጥቅል ጎመን 9፤ ጎመንዘር የሁለቱን ድምር 17 ይዞ ተገኘ።

ፌጦ የነሱው ቤተሰብ ነው። ውሃ ሲነካው ዙሪያው ይዝለገለጋል፣ ያሙለጨልጫል። ተልባም እንደዚያው ያደርጋል። «እንግዲያው ፌጦና ተልባ ዘመዳሞች ናቸው» ያለ ሰው ተሳስቷል። ሁለቱ በየፊናቸው ያገኙት ባሕርይ ነው። እውነተኛው የፌጦ መለያ ሲበቅል ይታያል። እርጥብ ጥጥ ላይ በትኑትና ጥቂት ቀን ጠብቁ፤ መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ለሦስት የተሰነጠቁ ናቸው። የሰናፍጭና የጎመንዘር ግን ጫፋቸው ላይ ጎደል ያሉ እንጂ ሦስት ቦታ የተከፈሉ አይደሉም። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፣ ወጪው ኢምንት ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ዲ ካንዶል በ1821 ይህን የጎመን ቤተሰብ የከፋፈለው ዘሩ ውስጥ ፅንሱ እንዴት እንደታጠፈ እያየ ነበር። ዘመን አልፎ ዲኤንኤ መጣና ብዙውን ክፍፍሉን አፈረሰበት። ክኩን እንደ ወረቀት ለሁለት አጥፈው ሥሩን መሃል ያስገቡትን፣ እነ ጎመንና ሰናፍጭን፣ አንድ ላይ ማኖሩ ግን ባመዛኙ ትክክል ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ዲኤንኤ ካለ ዘር ማየት ምን ይሠራል?» ይላል። ዲኤንኤ ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ ኬሚካል ይፈልጋል፣ ቀን ይፈልጋል። ጆንያ ጭኖ የቆመ አይሱዙ ያን ያህል አይጠብቅም።

የመስከረም ቢጫ አበቦችም ነገር እዚሁ ውስጥ ይገባል። ለእንቁጣጣሽ መንገድ ላይ የሚሸጠው አደይ፣ ማሳ ውስጥ የሚያብበው ኑግ፣ እንደ አረም የሚወጣው መጭ፣ ሦስቱም ቢጫ ናቸው፣ ሦስቱም የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁሉም አደይ ነው። ፍሬ ሲይዙ ግን ኑግ የሚያብረቀርቅ ጥቁር፣ ለስላሳ ፍሬ ያፈራል። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን ያንሳል። በአደይ ወገን ያለው ደግሞ ጠፍጣፋም ሾጣጣም ይኖረዋል። ካልሲ ላይ ተጣብቆ የሚያስቸግረን ጥቁር መርፌ የመሰለው ፍሬም የአደይ ዘመድ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን እሾሆች አሏቸው፣ ስንጎትተው ይብስበታል። የአገራችንን የአደይ ወገኖች ያጠናው ዶክተር መስፍን ታደሰ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት መካከል ይህን ሰፊ ቤተሰብ የሚመለከተው ቅጽም በ2004 በእሱ ተጽፎ ወጥቷል።

እስካሁን ያወራነው ለማወቅ ጉጉት ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። እሺ፣ ወደ ድስቱ እንምጣ።

ጓያ የአተር ዘመድ ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተበላ እግር ያሽመደምዳል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት አገራችን ውስጥ በሰፊው ያጠኑት በሽታ ነው። ጥሬውን ላየ ሰው ጓያን ከአተር መለየት ከባድ አይደለም። አተር ክብ ነው። ጓያ ጠርዝ አለው፣ ወደ አንድ ጎን ይሾላል። ተከክቶ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ግን ሁለቱም ቢጫ ክክ ናቸው። ከተፈጨ ደግሞ ሁለቱም ሽሮ ናቸው።

የአውስትራሊያው ታሪክ ከዚህ ይለያል፣ ግን ያው ነው። እዚያ የምስር ዘመድ የሆነ፣ የግብርና ሰዎች ቬች የሚሉት የከብት መኖ ይመረታል። ክኩ ብርቱካናማ ስለሆነ ሲከካ ቁርጥ ቀይ ምስር ነው። በርካሽ ለሰው ምግብ ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ። በ1992 ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አስጠነቀቁ፣ ዘሩ ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለና። ያልተከካውን ያየ ሰው አይታለልም ነበር። ምስር ጠፍጣፋና ዳሩ ስል ነው፤ ቬች ሞላ ብሎ ይከብባል፣ እትብቱም ይረዝማል። የተገፈፈው ቆዳ መታወቂያውን ይዞት ሄደ።

አስተናግርስ? የቃሪያና የቲማቲም ዘመድ ነው። ዘሩም እንደ ቃሪያ ዘር ጠፍጣፋ ነው፤ ነገር ግን ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፣ ላዩም ጉድጓድ ጉድጓድ አለው። ማሳ ውስጥ ሰተት ብሎ ገብቶ ከእህል ጋር ይታጨዳል። በ2019 ኡጋንዳ ካራሞጃ ውስጥ በእርዳታ የተከፋፈለ የተፈጨ ምግብ የበሉ ከ300 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ አምስት ሞቱ። ምርመራው ያገኘው አስተናግርና መሰሎቹ የሚሠሩትን መርዝ ነው። ዱቄት ከሆነ በኋላ ዓይን አያድንም። ማየት የሚቻለው ከወፍጮው በፊት ነው።

ይህን ሥራ ዛሬም የሚሠሩት ሰፌድ ይዘው እህል የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። በየእህል ቤቱ ደጃፍ ታዩአቸዋላችሁ። ስንዴ ውስጥ ያለ እንክርዳድ ከእጃቸው አያመልጥም። የሳይንስ ስሙን አይነግሯችሁ ይሆናል። የስንዴ ፍሬ ራቁቱን እንደሆነ፣ ሆዱ ላይ ስንጥቅ እንዳለው፣ እንክርዳድ ግን ቀጠን ብሎ ገለባው እላዩ ላይ እንደተጣበቀ ግን ጣታቸው ያውቀዋል። ለዚህ ዕውቀት የሚከፈላቸው የቀን ሥራ ዋጋ ነው። ለእኔ ይህ ያሳፍራል።

በሌላ በኩል አራት ኪሎ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊው ሄርባሪየም አለን፣ የደረቁ ተክሎች ቤት። በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሴውን የመሰሉ ሊቃውንት የደከሙበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሥራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል። ስምንት ቅጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ። በ1976 የተመሠረተውና ዛሬ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ደግሞ ዘሩን ራሱን በብርድ ክፍል ያስቀምጣል። ሊቁም አለ፣ ዘሩም አለ፣ ለቃሚዋም አለች። ሦስቱ የሚገናኙበት ጠረጴዛ ነው ማየት የምፈልገው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ገበያ ውስጥ የምናገኛቸውን ዘሮችና አብረዋቸው የሚገቡትን አረሞች በቅርብ ፎቶ የሚያሳይ፣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ። ፎቶው ሲነሳ ዘመድ ከዘመዱ ጎን ይቀመጥ፤ ጓያ ከአተር፣ ቬች ከምስር፣ አስተናግር ከቃሪያ፣ እንክርዳድ ከስንዴ። ሙሉው ዘር፣ እትብቱ፣ ከተከካ በኋላ ያለው መልክ። ሲዘጋጅ ለቃሚዎቹ ሴቶች ይጠየቁ፣ ስማቸውም ከሊቃውንቱ ጋር ይጻፍ፣ አበልም ይከፈላቸው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ከነሌንሱ ይያዘው። ተቆጣጣሪ እህል በረንዳ ሲገባ ኪሱ ውስጥ ይኑር። ሽፋኑ ላይ አደይ አበባ እንዲደረግ የሚፈልግ አይጠፋም፣ ታምራለችና። እኔ ብጠየቅ ጓያ ይሁን እላለሁ።